እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

እህትዎ በጠና ታማ፣ ሐኪሙ የበሽታዋን ምንነት ለእርስዎ ብቻ ነግሮዎት ሳለ፣ እርሷ ዓይን ዓይንዎን እያየች «ምን አለ?» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? እውነቱን ነው ወይስ «ደኅና ነሽ»?

እንዲህ ያለው ጭንቅ በየቤቱ የሚገጥም ቢሆንም በግልጽ ሲመከርበት እምብዛም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በፒ.ቢ.ኤስ. የቀረበው «ሥነ ምግባር በአሜሪካ» የተሰኘ አሥር ክፍል ያለው የውይይት ዝግጅት ግን ይህንኑ ነበር አደባባይ ያወጣው። የዝግጅቱ መሪ አንጋፋው ጋዜጠኛ ፍሬድ ፍሬንድሊ ነበሩ። ዳኞች፣ ሐኪሞች፣ የጦር መኮንኖችና ጋዜጠኞች በአንድነት ይቀመጣሉ። አንድ የሕግ መምህር የፈጠራ ታሪክ ያቀርብላቸዋል፤ ታሪኩን ደረጃ በደረጃ እያከበደ «እርስዎስ?» እያለ ያፋጥጣቸዋል።

በጦርነት ላይ ባተኮረው ክፍል፣ ፕሮፌሰር ቻርልስ ኦግልትሪ ስመ ጥር ጋዜጠኞችን ጠየቁ። ከጠላት ጦር ጋር ሆናችሁ ስትዘግቡ የአገራችሁ ወታደሮች ወደ ደፈጣ ሲገቡ ብታዩ ታስጠነቅቃላችሁን? ፒተር ጄኒንግስ ጥቂት አስበው እንደሚያስጠነቅቁ ተናገሩ። ማይክ ዋላስ ግን የዘጋቢ ሥራው መዘገብ ነው አሉ። ይህን ጊዜ ጄኒንግስም ሐሳባቸውን ለወጡ። ከተወያዮቹ አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ንቀታቸውን አልሸሸጉም፤ እነዚሁ ጋዜጠኞች ቢቆስሉ ወታደሮቻቸው እነርሱን ለማዳን ሄደው እንደሚሞቱም አስታወሱ።

እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ነገሩ ያሳስበኛል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጄኒንግስ የመጀመሪያ መልስ ነው። የተለወጠው በማሰብ ነው ወይስ አንጋፋው ባልደረባቸው ስለ ተናገሩ? በቤታችንስ አባት ወይም እናት ስትናገር ስንቱ ልጅ መልሱን ይውጣል?

ስለዚህ ቡና በሚፈላበት ሰዓት አንድ ጥያቄ ያንሱ። ታናሹ አስቀድሞ ይናገር። ምክንያቱ ይጠየቅ እንጂ አይሳቅበት። አጥጋቢ ምክንያት ሰምቶ ሐሳብን መለወጥ ነውር አይደለም፤ ፈርቶ መለወጥ ግን ሌላ ነው።

በዝግጅቱ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ሐኪምና በሽተኛ ሳይስማሙ ሲቀሩ ውሳኔው የማን ነው የሚል ነበር። በአገራችን ክፉ ወሬ ከታማሚው በፊት ለዘመድ መንገሩ የተለመደ ነው። ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አይካድም፤ ዳሩ ግን የታማሚዋን ፈቃድ የጠየቀ አለን? እህትዎን ዛሬ፣ በጤናዋ ሳለች፣ «ብትታመሚ እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽን?» ብለው ይጠይቋት። ያን ጊዜ ዓይን ዓይንዎን ስታይዎ የሚመልሱላትን ያውቃሉ።