የጡረታን ኑሮ አስቀድሞ መልመድ

ለጡረታ የሚያስብ ቤተሰብ ሒሳቡን አስቀድሞ ይወቅ። 30 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ አበሉ ከመጨረሻ ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 55 ያህል ነው። ስለዚህ እኛ በግምጃ ቤት የምንኖር መምህር፣ 60 ዓመት ሳይሞላን፣ ከባለቤታችን ጋራ ተመካክረን ከ100 ብር 45ቱን በቁጠባ አኑረን በተረፈው ለመኖር ሞከርን። በሦስተኛው ሳምንት የማኅበር ተራ ደረሰብን፤ እጃችንም ባዶ ነበር። ልንበደር ስንነሣ ባለቤታችን፣ «ዝክሩ በዳቦ፣ በንፍሮና በጠላ ይበቃል» አሉን። ማኅበርተኞቹ መርቀውን ሄዱ፤ ከዕዳም ዳንን። ከዚያ ወዲህ የእህሉን፣ የዕድሩንና የዕቁቡን ወጪ በደብተር እንጽፋለን። የጓሮ ድንች፣ የሰንበት ቡናና የጎረቤት ጨዋታ ግን ደመወዝ ቢቀንስ አይቀንሱም። አንባብያን ሆይ፣ ጥቂቱን ገንዘብ ዛሬ ልመዱት፤ ነገ እንግዳ አይሆንባችሁም።