እንግሊዝኛ መማር ከዲን ያርቃልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

አንድ አባት ከዳንግላ ጠይቀውናል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ደርሷታል። «የፈረንጅ ቋንቋ ተምራ ምን ልትሆን ነው? ዲኗስ?» ይላሉ። የብዙ ወላጆች ስጋት ስለሆነ ዛሬ ልናየው ወደድን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከታምራቶቹ ቆጥሮታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሳቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዘዋቸዋል። ዘይድም በግማሽ ወር ያህል ተምረው ደብዳቤዎችን ያነቡና ይጽፉ እንደነበር ኢማም ቲርሚዚ ዘግበዋል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በደብዳቤው ያለውን የሚያውቀው ሌላው በነገረው ልክ ብቻ ነውና።

ይህ ዛሬም በቤታችን አለ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ያቃተው ልጅ ባዮሎጂ ያቃተው ይመስለዋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ቋንቋውን ጠንቅቆ የተማረ መምህር ነው። ልጅቱም ይህን ለማድረግ ብትነይት ሥራዋ ኸይር ነው።

በትምህርት ክፍሉ ሰዋስው፣ የድምፅ ጥናት፣ የጽሕፈት ጥበብ፣ ልቦለድና ግጥም ይማሩበታል። ተመራቂው በመምህርነት፣ በጋዜጠኝነት፣ በትርጉም ወይም በሕዝብ ግንኙነት ሊሠራ ይችላል። ከ2015 ወዲህ ግን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለሆነ መዘናጋት አይበጅም።

በልቦለዶቹ ውስጥ ከእምነታችን የማይስማማ ነገር ማጋጠሙ አይቀርም። ሆኖም ሰው ያለውን ማወቅና እሱን ማመን ለየቅል ናቸው። ሶላቷን ለጠበቀች፣ ቁርኣኗን ላልተወች ልጅ መጽሐፉ ማስተዋልን ይጨምርላታል እንጂ ዲኗን አይወስድባትም።

የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ደግሞ ከባዶ አይነሱም። ብዙዎቹ አዊኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ አዊኛ ከኩሽ፣ አማርኛ ከሴም ወገን ነው። መድረሳ የገባው ዓረብኛ ይጨምራል። በአማርኛም በአዊኛም ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ልጁ መጽሐፍ አነበበ» እንላለን። በዓረብኛ «ቀረአ ል-ወለዱ ኪታበን» ሲባል ግሱ ቀድሟል። እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ያስገባዋል። መድረሳ የቀራ ልጅ የግስ ቦታ እንደየቋንቋው እንደሚለያይ አስቀድሞ ያውቃል።

ዘዴውም እንግዳ አይደለም። ቁርኣንን የምንሐፍዘው ከኡስታዙ አፍ ሰምተን፣ ደጋግመን፣ የትናንቱን ዛሬ ሙራጀዓ አድርገን ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ድምፅ አሰምቶ ማንበብና ጥቂት መስመር መጻፍ ይፈልጋል። ወላጆችም ለዚህ ጊዜ ስጧቸው፤ ሲሳሳቱም አትሳቁባቸው።

በ1961 የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ሲወጣ፣ ከደከሙበት ዑለማዎች መካከል ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። ሁለት ቋንቋ ማወቃቸው ዓረብኛ ለማያውቁ ቤተሰቦች ብርሃን ሆነ። የዳንግላው አባታችንም ልጅዎን መርቀው ይላኳት፤ ነገ ለወገኗ የምታሻግረው ብዙ ይኖራል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።