አንድ ፓምፕ፣ ሦስት ሥዕላዊ ቋንቋዎች

በአዲስ አበባ፣ በቡልጋሪያ ማዞሪያም ሆነ በካዛንቺስ፣ ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ፎቅ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ መስመሩ ሲለቀቅ ምድር ላይ ያለው ታንከር ይሞላል፣ ፓምፑ ደግሞ ከታንከሩ እየሳበ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋል። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑ ይነሳ፤ ሲሞላ ይቁም፤ ታንከሩ ባዶ ከሆነ ግን ጨርሶ አይነሳ፣ በደረቁ ከዞረ ይበላሻልና።

ይህን ትእዛዝ ለማሽን ለመንገር የግድ ኮድ መተየብ አያስፈልግም። ዊሊያም ሰዘርላንድ ፕሮግራምን በሥዕል መጻፍ እንደሚቻል በዶክትሬት ጽሑፉ ለአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥዕላዊ ቋንቋዎች መጥተዋል። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ፓምፑን ስናስነዳቸው ግን ልዩነታቸው ይወጣል።

ለኤሌክትሪሺያኖቻችን በጣም የሚቀርበው ላደር ዲያግራም ነው። ገጹ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ መስመሮች አሉት፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል እርከን አግዳሚ መስመሮች ይሰመራሉ። በእርከኑ ላይ ኮንታክቶች፣ ማለትም ሁኔታቸው ሲሟላ መንገዱን የሚያሳልፉ የማብሪያ ምልክቶች፣ ይደረደራሉ፤ ቀኝ ጫፍ ላይ ፓምፑ ይቀመጣል። ተከታትለው የቆሙ ኮንታክቶች «ይህም ያም ከተሟላ» ማለት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በታች በቅርንጫፍ የተያያዙት ደግሞ «ይህ ወይም ያ»። ለእኛ ፓምፕ አንድ እርከን ይበቃል፦ «ሮቶው ጎድሏል»፣ ቀጥሎ «ሮቶው አልሞላም»፣ ቀጥሎ «ታንከሩ ውሃ አለው»። ዋናው ብልሃት በመጀመሪያው ኮንታክት ሥር ነው፤ እዚያ የፓምፑ የራሱ ኮንታክት በቅርንጫፍ ይገባል። ፓምፑ አንዴ ከተነሳ ውሃው ከዝቅተኛው ምልክት በላይ ቢወጣም ራሱን ይዞ ይቀጥላል፣ የሚቆመው ሮቶው ሲሞላ ወይም ታንከሩ ሲደርቅ ነው። ይኸው አሠራር ስታርት ቁልፍ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ላይ ሕይወት ያድናል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ የሰው እጅ ላዩ ላይ ሳለ በራሱ አይነሳም።

በኮንታክተርና በፍሎት የሠራ ባለሙያ ይህን ሥዕል ያለ ኮምፒውተርም ያውቀዋል። ላደር የተወለደውም ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን የተባለውን መቆጣጠሪያ ሲሠሩ፣ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ) የተሞሉ ካቢኔቶች ነበሯቸው፤ ሠራተኛው የለመደውን የሽቦ ንድፍ ሳይለቅ ማሽኑን እንዲያዝ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የእንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች (ፒኤልሲ) ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ ደረጃም ላደርን አካቶታል።

ስክራች ሌላ ዓለም ነው። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው ይህ ቋንቋ ትእዛዞችን በብሎክ ያገጣጥማል፤ ሁኔታ የሚገልጸው ብሎክ ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ፣ ባለ ስድስት ጎን ክፍተት ከእሱ በቀር ሌላ ብሎክ አይቀበልም። ልጁ የሐሳብ ስህተት ሊሠራ ይችላል፣ የሥርዓተ ነጥብ ስህተት ግን አይሠራም። በስክሪኑ ላይ ለተሣለው ፓምፕ፣ በማያቋርጥ ድግግሞሽ ውስጥ ሁለት «ከሆነ» ብሎኮች ይበቃሉ፤ አንዱ ያስነሳል፣ ሌላው ያቆማል።

ስክራች በአማርኛ ይሠራል፤ ለእኔ ከብሎኮቹ ቀለምና ከስክራች መለያ ድመት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ኮዱ በሚተየብበት በፓይተን ቋንቋ ቢሆን የሁኔታው ቃል የግድ መጀመሪያ ይመጣል፣ ማንም ይጻፈው። በአማርኛ ግን መጀመሪያ ሁኔታው ይነገራል፣ «ከሆነ» ይከተላል፤ ግሡም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሦስተኛው ስክራች የብሎኮቹን አሠራር ብሎክሊ በተባለው የጉግል ሥራ ላይ መሥርቷል፤ የብሎኩ ጽሑፍ ሲተረጎም ክፍት ቦታዎቹም ከቃላቱ ጋር ይዛወራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ለሚማር የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከዚያ በፊት በራሱ የአረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ማሰብ መቻሉ ትልቅ ስንቅ ነው። ዕድሉ ፈጽሞ አዲስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ወደ አገራችን የገቡት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ውስጥ ኢቶይስና ተርትል አርት የተባሉ ሥዕላዊ ቋንቋዎች ነበሩ።

ሦስተኛው ላብቪው ነው። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ይህ ቋንቋ የሚጓዘው በመረጃ ፍሰት ነው። ሣጥኖች በመስመር ይገናኛሉ፤ አንድ ሣጥን የሚሠራው የሚጠብቃቸው ግብዓቶች ሁሉ ሲደርሱት ነው፣ ገጹ ላይ ከላይም ይሁን ከታች። ስለዚህ እርስ በርስ የማይጠባበቁ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ፓምፑ ቀድሞ ይሠራ እንደነበር ለማስታወስ ግን ያለፈው ዙር ውጤት ተመልሶ የሚገባበት መንገድ በግልጽ መሠራት አለበት። ላደር በአንድ ኮንታክት የሸፈነው ጉዳይ እዚህ አፍጥጦ ይታያል፤ ለመለኪያና ለላቦራቶሪ ሥራ ይህ ግልጽነት ጥቅም ነው።

ሦስቱም ሲሰፉ ይከብዳሉ። መስመሮቹ ይወሳሰባሉ፣ በትናንቱና በዛሬው ሥዕል መካከል ምን እንደተለወጠ መፈለግ ከጽሑፍ ይልቅ ያደክማል። ቢሆንም ብሎክን የልጅ ጨዋታ፣ ላደርን ያረጀ ነገር ብሎ መናቅን አልቀበልም። ለልጅ በአማርኛ ብሎክ፣ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ላደር ይቅደም እላለሁ፤ የሚተየበው ኮድ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ይደርሳል።

ስክራች በነፃ ይገኛል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከቋንቋዎች ዝርዝሩም አማርኛን መምረጥ ይቻላል። የአንዱ ፓምፕ ፕሮግራም ከሠራ በኋላ፣ ሁለት ፓምፖች እኩል እንዲያረጁ ተራ በተራ የሚነሱበትን መሞከር ጥሩ ልምምድ ነው፤ ፕሮግራሙ ባለፈው የሠራው የትኛው እንደሆነ ማስታወስ ይኖርበታል።