ከአጥሩ ጀርባ ያለችው የእንግሊዝ መንደር

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ «እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ» ብሎ ከሚወርደው ሰው አብዛኛው ኤምባሲው ዘንድ ጉዳይ የለውም። ቤቱ እዚያ ስለሆነ ነው የሚወርደው። ስሙ የሰፈር ስም ከሆነ ቆይቷል። በዚያ አጥር ሥር ላደግን ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም፤ እዚያ ሲሠሩ ከኖሩ አባቶችና እናቶች እየሰማን ነው ያደግነው። ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ።

አንደኛ ነገር፣ ያ ግቢ ቢሮ ብቻ አይደለም፤ መንደር ነው። ስፋቱ ከ30 ሄክታር በላይ ነው። የአምባሳደሩ መኖሪያ፣ የዲፕሎማቶቹ ቤቶች፣ ቢሮዎች፣ የውስጥ መንገዶች፣ ትልልቅ ዛፎች አሉት። ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል የተመለከተ ሰው በቆርቆሮና በሕንፃ መካከል የቀረች አረንጓዴ መሬት የሚያየው አንዱ እዚያ ነው። አጎራባቹ የሩሲያ ኤምባሲ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ የፈረንሳይ ኤምባሲም እንዲሁ ሰፋፊ ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ አካባቢ እንዴት ተሰበሰቡ? ምክንያቱ ዓድዋ ነው። ከድሉ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ወደ ምኒልክ ደጅ ተሽቀዳደሙ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ በ1889 ዓ.ም. መጥቶ ውል ተፈራረመ፤ ቀጥሎም ሃሪንግተን ወኪል ሆኖ ተሾመ። ምኒልክ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእንጦጦ ግርጌ በምሥራቅ በኩል ለየአንዳንዳቸው ሰፊ መሬት ሰጧቸው። በዚያን ጊዜ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ቤተ መንግሥት መድረስ በበቅሎ ረጅም መንገድ ነበር። እኔ ይህን የንጉሡ ብልሃት ነው እላለሁ። እንግዳው ተከብሯል፣ ሰፊ ቦታ አግኝቷል፣ ከእልፍኝ ግን ርቋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ለጋሲዮን፣ ማለት የያኔው ኤምባሲ፣ ሲጀመር ድንጋይ ቤት አልነበረውም። ሚኒስትር የሚባለው የለጋሲዮኑ ኃላፊ ከነቤተሰቡ የሚኖረው በጎጆ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ማገሩን የማገሩት፣ ጭቃውን ያቦኩት፣ ሣሩን የከደኑት የእኛው ሰዎች ናቸው። ከእነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አንድ ልጅ ተወለደ። ዊልፍሬድ ቴሲገር ይባላል። አባቱ የለጋሲዮኑ ኃላፊ ነበር። ልጁ አድጎ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ፣ ኋላም የዓረቢያን ምድረ በዳ በግመል የተሻገረ ስመ ጥር ተጓዥና ጸሐፊ ሆነ። በትዝታ መጽሐፉ ውስጥ ያ የየካ ግቢ፣ አሽከሮቹና ፈረሶቹ ሰፊ ቦታ አላቸው።

በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ አገር ሲናወጥ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው ሲመጡ፣ ራስ ተፈሪ የጥቂት ወራት ሕፃን የነበሩትን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን በዚያ ለጋሲዮን አስጠለሉ። የነገው አልጋ ወራሽ የካ ግርጌ በእንግሊዞች ቤት ተደብቀው ሰነበቱ ማለት ነው። ጥቅምት 17 ቀን የሰገሌ ጦርነት ተካሄደ፤ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ድል ያደረገው ሠራዊት ጃንሜዳ ላይ ሲሰለፍ የስድስት ዓመቱ ቴሲገር ቆሞ ተመልክቷል፤ ያ ቀን ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ እንዳልወጣ ራሱ ጽፏል። ተፈሪም ውለታውን አልረሱም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ያንን ልጅ የግል እንግዳቸው አድርገው ጋበዙት።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሌላ ልጅ ይመጣብኛል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነቱ በእንግሊዝ ጦር ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንድሶር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። የእነሱ ልጅ በእኛ ጎጆ ተወልዶ፣ በእኛ ሞግዚቶች አድጎ፣ በክብር ሄዶ በክብር ተመልሶ መጥቷል። የእኛ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እነዚህ ሁለት ታሪኮች በአንድ ሚዛን መቀመጥ አለባቸው ባይ ነኝ።

በዘውዱ በዓል ከመጡት አንዱ ኢቭሊን ዎ የተባለው ደራሲ ነው። ተመልሶ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ከዓለም ተነጥሎ በራሱ ጨዋታ የሚኖር ለጋሲዮን ሣለ፤ የጊዜው ሚኒስትር ሰር ሲድኒ ባርተንና ቤተሰቡም እኛን ነው ብለው ተቀየሙ። የሰፈራችን ሰው ግን ከዚያ ግቢ ሌላ ነገርም አይቷል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማዋ በዘረፋና በእሳት ተያዘች። ከሺህ የሚበልጥ የብዙ አገር ሰው ወደ እንግሊዝ ለጋሲዮን ሸሽቶ ገባ። በግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ሕንዳውያን ሲክ ወታደሮች አጥሩን ጠበቁ፣ በካሚዮን እየወጡም የታገዱ ሰዎችን አመጡ። በከተማዋ በሌላ ጫፍ ተከብቦ የነበረው የአሜሪካ ለጋሲዮን ከእንግሊዞቹ ጋር በቀጥታ መገናኘት ስላቃተው፣ የእርዳታ ጥሪው በሬዲዮ ዋሽንግተን ሄዶ፣ ከዚያ ለንደን ደርሶ፣ ተመልሶ የካ መጣ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ገባ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ሕዝባችንን ሲጨፈጭፍም ከዚያው ግቢ ለለንደን ዘገባ ተልኳል። የዚያ ዘገባ ወረቀት ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ምስክር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለንደን አንብቦ ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል።

ወደ ዛሬው ልምጣ፤ ሹክ ልላችሁ የፈለግሁትም ይኸው ነው። የዚያች መንደር ታሪክ የተጻፈው በሚኒስትሮቹ፣ በልጆቻቸውና በእንግዶቻቸው እጅ ነው። ፈረሱን ያቀረበው ባልደራስ፣ ሕፃኑን ያዘለችው ሞግዚት፣ በ1928ቱ ግርግር ለዚያ ሁሉ ስደተኛ እንጀራ የጋገረችው፣ በር ላይ ያደረው ዘበኛ በስማቸው የሉም። ቢነሡም «አሽከሮቻችን» ተብለው ነው። የልጅ ልጆቻቸው ግን አሉ። በቀበና፣ በሾላ፣ በየካ ሚካኤል፣ በፈረንሳይ ይኖራሉ። ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ሥራ ያን ግቢ ያገለገሉ ቤተሰቦች በእኛ መንደር ብርቅ አይደሉም። በሳጥን የተቀመጠ የሥራ ምስክር ወረቀት፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ ከፈረንጅ የተሰጠ የኪስ ሰዓት ያለው ቤት ይኖራል።

የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ። በቀበና ወንዝ ዳርቻ ልማት አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ጎረቤት ተበትኗል፤ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ከተማ ዳር ሄዷል። አዲሱ መንገድና መናፈሻ አምሮብናል፤ እኔም እሄድበታለሁ። ነገር ግን የሰፈር ወሬ የሚኖረው ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲኖሩ ነው። ዛሬ የሰማንያ ዓመት እናት ከማን ጋር ተቀምጣ ታውራው?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ኤምባሲው የድሮ ሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከመዝገብ አውጥቶ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብታችን ግልባጭ ይስጥ። የየካ ክፍለ ከተማ ባህልና ቱሪዝምም የቀሩትን አዛውንቶች ድምፅ ይቅረጽ። እናንተም፣ አያታችሁ በዚያ አጥር ውስጥ ሠርተው ከሆነ፣ ስማቸውን፣ ሥራቸውንና የነገሯችሁን ሁሉ በዚህ ሳምንት ጻፉት፤ ፎቶግራፍ ካለም ከጀርባው ማን እንደሆነ መዝግቡ።