አለንጋና ጉባኤ ቃና

ተማሪ የሚተጋው በዱላ ነው ወይስ በመምህሩ አያያዝ? ጎጃም ውስጥ እንደ ዋሸራ ባሉ ቅኔ ቤቶች ጀማሪው የራሱን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸውም ሰምተው ያርሙለታል። ቁራሽ እየለመነ ዓመታት የሚያስቆየው ይኼ መደመጥ ይመስለኛል። የበሰለው ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስጠናል፤ ኃላፊነትም ያተጋል። በአለንጋ ብቻ የሚገዙትስ? ተማሪያቸው ደበሎውን ጠቅልሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። አገሩ ሰፊ ነዋ!

እዚህ ካምፕ ግን ልጁ የት ይሄዳል? ምን እደብቃለሁ፣ እኔም የማስተምረው በአርጩሜ ነበር። አንድ ተማሪዬ ቀረ። እናቱን ብጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ትምህርቱንማ ይወዳል፣ እርስዎን ፈርቶ ነው» አሉኝ። አርጩሜውን ከጣልኩ ወር አለፈ፤ ልጁን ግን እስካሁን የማገኘው ውሃ ወረፋ ላይ ነው።