ወደ ደቅ ለሚሻገር ሰው፦ የጣና ደሴቶች ትውውቅ

የጉና ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። ከፊሉ በእስቴና በስማዳ ቆላ አድርጎ በቀጥታ ዓባይ ይገባል። ሌላው ወደ ምዕራብ ይወርድና ርብና ጉማራ ሆኖ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። ይህኛውም ቢሆን ጠፍቶ አይቀርም፤ ባሕር ዳር ላይ ከዓባይ ጋር ይወጣና ዞሮ በስማዳ ግርጌ ያልፋል። የስማዳዋ ከተማ የወገዳ ሰው ዓባይን የሚያውቀው እንዲህ ከታች፣ በረሃ ወርዶ ነው። ውኃው አስቀድሞ ያረፈበት ባሕርና በባሕሩ ላይ ያሉት ደሴቶች ግን እዚያው ጎንደርና ጎጃም መካከል ናቸው።

ደሴት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሩቅ ውቅያኖስ ይሄዳል። ጣና ላይ ግን 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ሐይቁ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ፣ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ግን አየሩ ወይና ደጋ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ከደሴቶቹ ሁሉ ሰፊው ደቅ ነው።

ደቅ ሰው የሚኖርበት አገር ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ ልጆች ይማራሉ፣ ቀሳውስት ይቀድሳሉ። ጎብኚው ደሴቲቱን ሲረግጥ ራሱን ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ቢቆጥር ይበጀዋል።

ከወገዳ የሚነሣ ተጓዥ መጀመሪያ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከዚያ የቻይና መንገድ የሚባለው የወልዲያ አስፋልት ቁልቁል ወረታ ያወርደዋል፤ እዚያ ወደ ግራ ታጥፎ የፎገራን የሩዝ ማሳ እያየ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣት በፊት በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚያው ቀን ባሕር መሻገርን ግን ማሰብ አይገባም። ባሕር ዳር አድሮ በጠዋት መነሣት ነው የሚሻለው።

የጠዋቱ ነገር ለምቾት ብቻ የተባለ አይደለም። ጣና ማለዳ ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይመታል። ደቅ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ረፍዶ የወጣ ሰው ሲመለስ ነፋሱ ይቀበለዋል። ጊዜ ያነሰው ሰው ቅርብ ያሉትን የደሴት ገዳማት፣ ክብራን ገብርኤልንና እንጦስ ኢየሱስን፣ ወይም ዘጌ ላይ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ በግማሽ ቀን ሊመለስ ይችላል።

መሻገሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሐይቁ ዳርቻ ያሉትን ከተሞችና ደቅን የሚያገናኘው የሕዝብ ጀልባ ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ ነገር ግን በየቀኑ ስለማይመላለስ መነሻ ቀኑን ወደቡ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው የኪራይ ሞተር ጀልባ ነው። ሒሳቡ በሰው ሳይሆን በጀልባው ስለሆነ፣ ሰብሰብ ብሎ የሄደ ማኅበር ይጠቀማል። ከመሳፈር በፊት የትኞቹ ደሴቶች እንደሚታዩ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና መመለሻውም በዋጋው መጠቃለሉን ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ይገባል። የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ለብቻው ነው፤ ዝርዝር ብር መያዝ ያስፈልጋል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ መሳፈር አይገባም።

በመንገድ ላይ ታንኳ ሳይታይ አይቀርም። ታንኳ የደንገል ሥራ ነው፤ ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ይደርቅና እየተጠቀለለ በገመድ ይታሰራል፤ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቃናል። በዚህ ሙያ ከጥንት የሚታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከባሕር እንደወጣ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ ለፀሐይ ያቆመዋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይሠራል። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ በረጅም እንጨት ግራ ቀኝ እየመታ ይሄዳል።

ደቅ ላይ ዋናው መድረሻ ናርጋ ሥላሴ ነው። በደሴቲቱ ምዕራብ ዳርቻ ይገኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ከተሣሉት ሥዕሎች አንዱ ጋ ቆም ማለት ይገባል፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ እቴጌይቱ ደግሞ ከእግሯ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። አገር የገዙ ሴት ራሳቸው በዚያ ቦታ እንዲሣሉ ፈቅደዋል።

ከደቅ በስተምሥራቅ፣ ከውኃው እንደ ክምር ብድግ ያለችው ትንሽ ደሴት ደጋ ናት። ደጋ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ሂሩተ አምላክ የተመሠረተ ገዳም ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም በዚያ ይጠበቃል። ዳገቱ በእግር ነው የሚወጣው፤ ለጋይንትና ለስማዳ ጉልበት ግን ይህ ዳገት አይባልም።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሥርዓት አለ። ደጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባባቸውም። ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስ ኢየሱስና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። የትም ቢሆን ጫማ ይወልቃል፤ ነጠላ መልበስ ያምራል፤ ፎቶ የሚነሣው አባቶች ሲፈቅዱ ነው።

ክረምቱ ለባሕር ጉዞ አይመችም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ መልካም ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ዳርቻው አረንጓዴ ነው። በዓል ማክበር የሚፈልግ ደግሞ ጥር 1ን ለእስጢፋኖስ፣ ጥር 7ን ለሥላሴ ሊመርጥ ይችላል። በእነዚህ ቀናት ጀልባ ስለሚጣበብ ቀድሞ መያዝ ነው።

ደጋ አገር ለኖረ ሰው የጤናው ነገር ቸል አይባልም። በሐይቁ ዙሪያ ወባ አለ፤ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። በውኃው ብልሃርዚያ ስለሚገኝ ዳር ላይ መዋኘትም ሆነ በባዶ እግር መግባት አይመከርም፤ ጉማሬ ያለበትም ቦታ አለ። ውኃና ስንቅ ከባሕር ዳር መያዝ ይሻላል፤ ደቅ ላይ እንደ ከተማው ሆቴል መጠበቅ አይገባም። ከጉዞው በኋላ ባሕር ዳር ላይ ቀረሶ ወይም አምባዛ አስጠብሶ መብላት የዚያ አገር ወግ ነው።

ጣና ዛሬ የራሱ ችግር አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እንቦጭ የሚባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተሠራጭቷል፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ ይይዛል፣ የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። አረሙን አንድ ጎብኚ ነቅሎ አይጨርሰውም። የያዘውን ላስቲክና የውኃ ጠርሙስ ግን ደሴቱ ላይም ባሕሩ ላይም ሳይጥል ይዞት ይመለስ። ያ ውኃ ወርዶ የሚያልፈው በስማዳ ሥር ነው።