የፕሮግራም ሙሉ ስም እንዴት ይታወቃል?



በጅጅጋ፣ በቀብሪበያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ አንድን ሰው በስሙ ብቻ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። መሐመድ ወይም አብዲ የሚባለው ብዙ ነውና፣ የአገሩ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እስከ ቅድመ አያት ያስቈጥራል። ይህ የትውልድ ቈጠራ በሶማልኛ አብቲርሲ ይባላል። በቅጽል ስም መጠራትም እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ፣ መጠሪያ ብቻውን የሰውን ማንነት አይገልጽም።

በመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠሩት ፕሮግራሞችም እንደዚሁ ናቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፣ በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም ሁሉ አንድ ቍጥርና አንድ አጭር ስም ይመዘግብለታል። አጭሩ ስም ከ15 ባይት ካለፈ ትርፉ ይቈረጣል። አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በፊደላችን የተጻፈ ስም ከአምስት ፊደል አያልፍም ማለት ነው።

ከመቈረጡ ይልቅ የሚያሠጋው ሌላ ነገር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ፕሮግራሙ ራሱ ሊለውጠው ይችላል። የኮምፒዩተርን ጕልበት በስውር የሚሰርቁ ፕሮግራሞች የሊኑክስን የውስጥ ሠራተኞች ስም ተውሰው ይደበቃሉ። ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ኮምፒዩተሩ ቢከብድና በስሙ ብቻ ፈርዳችሁ አንዱን ብታቆሙ፣ ሌባውን ትታችሁ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ የሚጠብቀውን ልታጠፉ ትችላላችሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ «ፒ ኤስ» በተባለው ትእዛዝ የፕሮግራሙን ቍጥር ፈልጉ። ቍጥሩ 4127 ነው እንበል። «ፕሮክ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ 4127 የተባለ ንዑስ ማኅደር አለ፤ በዚያም ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ በሚሉ ሦስት ፊደላት የተሰየመ ማመልከቻ ይገኛል። «ሪድሊንክ» በተባለው ትእዛዝ ብታነቡት ፕሮግራሙ የተነሣበትን ፋይል ከሥሩ ጀምሮ እስከ ስሙ ይነግራችኋል። አብቲርሲ ከልጅ ወደ አያት ሲወጣ፣ ይህ ከአያት ወደ ልጅ ይወርዳል።

ሆኖም አራት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የሌላ ሰው ፕሮግራም ከሆነ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከመልሱ መጨረሻ «ተሰርዟል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ቢታይ፣ ፋይሉ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ተነሥቷል። ይህ በእድሳት ጊዜም ይደርሳልና አትደንግጡ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ከማቆማችሁ በፊት በዚሁ ማመልከቻ በኩል ቅጂ አስቀሩ። ሦስተኛ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ሥራ ከሆነ መልሱ የፓይተንን ስም ብቻ ይሰጣልና፣ የትእዛዙን ሙሉ ቃል እዚያው ማኅደር ውስጥ «ሲ ኤም ዲ ላይን» ከተባለው ፋይል አንብቡ። አራተኛ፣ የሊኑክስ የውስጥ ሠራተኞች የተነሡበት ፋይል ስለሌላቸው፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ቢጠየቁም መልስ አይሰጡም። እንግዲህ የእነርሱን ስም ይዞ የፋይል አድራሻ የሚሰጥ ቢገኝ፣ በተውሶ ስም የገባ እንግዳ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቍጥሩን ይዞ ትውልዱን መጠየቅ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወስዳል፤ የጠፋ መዝገብ መመለስ ግን የብዙ ቀን ድካም ነው።